የልደት በዓል ካለፈ በኋላ እምነታችንን በየቀኑ እንዴት እንኑረው? ደረጃ በደረጃ

በዓሉ አልፏል፣ እንግዳው ወደየቤቱ ሄዷል፣ የመልካም ልደት ሜሴጁም ቆሟል፣ ነገ ደሞ ስራ አለ። ብዙ ክርስቲያን በዚ ሰሞን ውስጡ ቀዝቀዝ ይልበታል፣ ባለፈው ሳምንት ዝማሬው ላይ እንባው የመጣ ሰው ዛሬ አባታችን ሆይ ለማለት እንኳን ይከብደዋል፣ ከዛ "እምነቴ የበዓል ብቻ ነው እንዴ?" እያለ ራሱን መውቀስ ይጀምራል። አንዳንዱ ስሜቱን መልሶ ለማምጣት የልደት መዝሙር ደጋግሞ ይከፍታል፣ ሌላው ደሞ ተስፋ ቆርጦ እስከ ፋሲካ ድረስ በቃ ይተወዋል።

እኔ የምለው ስሜቱን ለጊዜው ተዉትና ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከዛች ሌሊት በኋላ ምን እንዳደረጉ እዩ። እረኞቹ መላእክትን አይተው፣ ሕፃኑን በግርግም አግኝተው፣ ያዩትን ለሰው ተናግረው ከዛ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተመለሱ (ሉቃስ 2፥20)፣ ግርግሙ አጠገብ ተቀምጠው አልቀሩም። ሰብአ ሰገል ሰግደው ስጦታቸውን ሰጥተው በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ሄዱ። ማርያም አራስ ናት፣ ሕፃን ማጥባት አለባት፣ ዮሴፍ ደሞ ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድለው ስለፈለገ በሌሊት ተነስቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ግብፅ መሰደድ ነበረበት። ሁሉም ያዩትን ይዘው ወደ ኑሯቸው ገቡ፣ እኛም የሚጠበቅብን ይሄው ነው፣ ስሜቱን ማቆየት ሳይሆን ያየነውን ይዘን ስራችን ጋ መመለስ።

ከታች ያሉትን ሁሉንም ባንዴ አትጀምሩ፣ ባንዴ የጀመረ ሰው ባንዴ ነው የሚያቆመው። የመጀመሪያዎቹን ሶስቱን በዚ ሳምንት፣ ሌላውን አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩ።

1. ዲኮሬሽኑን ከማንሳታችሁ በፊት የያዛችሁትን ጻፉ

ማርያም ነገሩን ሁሉ በልቧ ትጠብቀውና ታስበው ነበር ይላል ሉቃስ። እኛ ግን ልባችን ቶሎ ይረሳል፣ ስለዚ ጻፉት። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው፣ ደብተር ካለ ደብተር ላይ ከሌለ ስልካችሁ ኖት ላይ። እነዚን ጠይቁ፦ ከስብከቱ ወይም ከንባቡ የቱ ቃል ውስጤ ቀረ? መቼ ነው ከልቤ የጸለይኩት? በበዓሉ ካየኋቸው ሰዎች ማን ተጎድቶ ነበር? ለእግዚአብሔር ወይም ለሰው አደርገዋለሁ ያልኩት ነገር አለ?

ረጅም መሆን የለበትም። አንድ ሰው እንዲ ሊጽፍ ይችላል፦ "በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አላገኙም የሚለው ነክቶኛል። አክስቴ ማዕድ ላይ ዝም ብላ ነበር የዋለችው፣ ባሏ ካረፈ ይሄ የመጀመሪያ ልደቷ ነው። እደውልልሻለሁ ብያታለሁ።" ይሄ ሶስት መስመር ነው ግን የአንድ ወር ስራ አለበት። ወረቀቱን አትጣሉት፣ ወደኋላ እንመለስበታለን።

2. ድካምን ከእምነት መቀዝቀዝ ለዩ

ከበዓል በኋላ ሰውነት ይደክማል፣ እንቅልፍ ተዛብቷል፣ ገንዘብ ወጥቷል፣ ቤት ሙሉ ሰው ሲያስተናግድ የከረመ ሰው ደሞ ዝምታ ያስፈልገዋል። ኤልያስ ያን ትልቅ ድል ካየ በኋላ ክትክታ ዛፍ ስር ተኝቶ ልሙት ሲል መልአኩ የነካው ተነስተህ ብላ ብሎ ነው እንጂ ሊገስጸው አይደለም (1ኛ ነገሥት 19)፣ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፣ ሁለተኛም ቀሰቀሰውና አበላው። ስለዚ መጀመሪያ ሁለት ሶስት ቀን በደንብ ተኙ፣ በሰዓቱ ብሉ፣ ከዛ በኋላ ስለ መንፈሳዊ ሕይወታችሁ ፍረዱ። ሀዘኑ ግን ለሳምንታት ካልለቀቃችሁ፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ ለካህናችሁ ወይም ለፓስተራችሁ ንገሩ፣ ሐኪም ጋርም ሂዱ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሀኪም ጋ መሄድ እምነት ማነስ አይደለም።

3. ታሪኩን በዓሉ ካቆመበት ቀጥሉ

በዓሉ ላይ የምንሰማው ብዙ ጊዜ እረኞቹ ጋ ያልቃል። በዚ ሳምንት ሉቃስ 2ን ከቁጥር 21 ጀምሮ እስከ መጨረሻው፣ ከዛ ማቴዎስ 2ን ሙሉውን አንብቡ። ስምዖንን ታገኛላችሁ፣ ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን ሕፃን ያቀፈ ሰው፣ ሐናን ታገኛላችሁ፣ በጾምና በጸሎት ከመቅደስ የማትለይ መበለት፣ ስደቱን ታገኛላችሁ፣ የቤተልሔም እናቶችን ለቅሶ ታገኛላችሁ። የመጨረሻውን በተለይ አትዝለሉት። በልደት ሰሞን ሰው የሞተበት፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ራሱን የሚያገኘው እዛ ጋ ነው፣ ወንጌሉ ያንን ለቅሶ ከልደቱ ታሪክ አላወጣውም።

ከዛ በኋላ ለዓመቱ የሚሆን ቀላል ፕላን አለ። የሉቃስ ወንጌል 24 ምዕራፍ ነው፣ የሐዋርያት ሥራ 28 ነው፣ ሁለቱንም የጻፈው ሉቃስ ነው፣ ሲደመር 52 ምዕራፍ። በሳምንት አንድ ምዕራፍ ብታነቡ ከዚ ልደት ተነስታችሁ ቀጣዩ ልደት ላይ ትደርሳላችሁ። አዎ ያንሳል፣ በቀን አንድ ምዕራፍ የሚችል ያንብብ፣ ሉቃስን በ24 ቀን ይጨርሰዋል። ግን እኔ በሳምንት አንዱን እመርጣለሁ ምክንያቱም አንድን ምዕራፍ ሰኞ ስታነቡት፣ ረቡዕ ስትደግሙት፣ ቅዳሜ ደሞ ለሶስተኛ ጊዜ ስታዩት ያኔ ነው ስራ ቦታ ድንገት ትዝ የሚላችሁ።

ስታነቡ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ ስልኩ ላይ የምታነቡ ከሆነ ኖቲፊኬሽን አጥፉ፣ ካነበባችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ኢየሱስ እዚ ጋ ማንን አየ፣ ምንስ አደረገለት? መልሱን በአንድ መስመር ጻፉ። ምዕራፍ ካመለጣችሁ ለማካካስ አትሩጡ፣ ካላችሁበት ሳምንት ቀጥሉ፣ ያመለጠው በሚቀጥለው ዓመት ይነበባል።

4. ጸሎትን ካለ ልማድ ጋር እሰሩት

"ጊዜ ሳገኝ እጸልያለሁ" የሚለው አይሰራም፣ ጊዜ አይገኝማ። በየቀኑ የግድ የምታደርጉት ነገር ፈልጉ፣ ፊት መታጠብ፣ ታክሲ ወይም ባስ መጠበቅ፣ ልጅ ማስተኛት፣ እና ጸሎቱን እዛ ላይ አድርጉት። የቤተክርስቲያናችሁ የጸሎት መጽሐፍ ካለ በሱ ተጠቀሙ፣ ቃል ሲጠፋ የተጻፈ ጸሎት ትልቅ እርዳታ ነው። ከሌላችሁም አንድ ምስጋና፣ አንድ ንስሐ፣ አንድ ስም በቂ ነው። ስሙን ከደረጃ 1 ወረቀት ላይ ውሰዱ። "ጌታ ሆይ ዛሬ ስለነጋልኝ አመሰግናለሁ፣ ትናንት በልጄ ላይ ስለጮህኩ ይቅር በለኝ፣ አክስቴን አጽናናት" አለቀ፣ ይሄ ጸሎት ነው።

5. የበዓሉን ልግስና ወርሃዊ አድርጉት

እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ የሚጎድለን እዚ ነው። በበዓል ሰሞን ሁሉም ይሰጣል፣ ችግረኛው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሶስት አቅጣጫ ምግብና ልብስ ያገኛል፣ ከዛ የሚቀጥሉትን ወራት ማንም አያየውም። ረሃብ ግን በዓል አይጠብቅም፣ የቤት ኪራይ በየወሩ ነው፣ መድኃኒት በየወሩ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መዋጮው ሲጽፍ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ገቢው መጠን ለይቶ ያስቀምጥ ነው ያለው (1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2)፣ ልባችሁ በተነካ ቁጥር አላለም። የተነካ ልብ ጥሩ ነው ግን ቀን የተቆረጠለት ስጦታ ነው ሰው የሚያሳድር።

እንዲ አድርጉ። አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ምረጡ፣ አስር አይደለም አንድ። ከዛ ገቢያችሁን አይታችሁ ዓመቱን ሙሉ ሳትሳቀቁ ልትሰጡት የምትችሉትን መጠን ወስኑ፣ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ይሁን። ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ወደ መቅደስ ሲወስዱት ያቀረቡት መሥዋዕት ጥንድ ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች የሚለው ነው፣ ይሄ ደሞ በሕጉ ጠቦት ለማትችል ሴት የተፈቀደ ነው (ዘሌዋውያን 12፥8)፣ የጌታ ቤተሰብ ራሱ ያቀረበው የድሃ ስጦታ ስለሆነ ስጦታዬ አነሰ ብሎ የሚያፍር ክርስቲያን መኖር የለበትም። ደሞዝ በገባ በማግስቱ፣ ሌላ ወጪ ሳይጀመር ለዩት። ስልክ ባንክ ላይ በየወሩ ራሱ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ከተቻለ አድርጉት፣ መርሳትም ሰበብም ያስቀራል።

ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ቤታቸው ሄዳችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ "በዚ ሰሞን የትኛው ነገር ነው የከበዳችሁ?" በሉ። እናንተ ምግብ ሲያስፈልጋቸው ይመስላችኋል፣ እነሱ ግን የልጃቸው ጫማ ተቀዶ ትምህርት ቤት አልሄድም እያላቸው ይሆናል። በዕድሜ የሚበልጧችሁን በአክብሮት አንቱ ብላችሁ አናግሩ፣ የምትሰጡት እናንተ ስለሆናችሁ አንተና አንቺ ማለት ነውር ነው። ፎቶ አታንሱ፣ ስቶሪ ላይ አትለጥፉ፣ ልጆቻቸው ፊት ገንዘብ አትቁጠሩ፣ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚለው (ማቴዎስ 6፥3) ዛሬ ስልክንም ይጨምራል።

የምትሰጡት ገንዘብ ከሌላችሁ ደሞ ጊዜ ስጡ፣ ሆስፒታል ወረፋ ይዞ መጠበቅ፣ ለአዛውንት ፎርም መሙላት፣ አራስ እናት ለሁለት ሰዓት እንድትተኛ ልጅ መያዝ። አንዳንዴ ይሄ ከገንዘቡ ይበልጣል።

6. ስራ ቦታ ላይ፣ ሉቃስ 3ን ውሰዱ

ከልደቱ ምዕራፍ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ላይ ሕዝቡ መጥምቁ ዮሐንስን "ታዲያ ምን እናድርግ?" ብለው ይጠይቁታል። የሚመልስላቸው በጣም ተግባራዊ ነገር ነው። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል፣ ምግብ ያለውም እንደዛው። ቀራጮች ሲመጡ ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ አላቸው፣ ወታደሮች ሲመጡ ደሞ ማንንም አትቀሙ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደሞዛችሁ ይብቃችሁ። ማናቸውንም ስራችሁን ልቀቁ አላላቸውም፣ እዛው ወንበራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን እንዲሰበስቡ ነው የነገራቸው።

አሁን የራሳችሁን ስራ እዛ ጥያቄ ውስጥ አስገቡት። በኔ ስራ ላይ "ከታዘዘው በላይ መውሰድ" የቱ ነው? ነጋዴ ከሆናችሁ ሚዛኑ ነው፣ ወይም የተበላሸውን እቃ ከስር አድርጎ መሸጥ። ቢሮ ከሆናችሁ ባለጉዳይን ነገ ና እያሉ ማመላለስ፣ ወይም ባልሰራችሁበት ሰዓት ኦቨርታይም መሙላት። ሹፌር ከሆናችሁ መንገዱን የማያውቅ ሰው ላይ ዋጋ መጨመር። ተማሪ ከሆናችሁ የሌላ ሰው አሳይመንት ኮፒ አድርጎ በራስ ስም ማስገባት። አለቃ ከሆናችሁ ደሞ የሰራተኛን ደሞዝ ያለምክንያት ማዘግየት፣ ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ልጅ ካለች የሷም ደሞዝና እረፍት እዚ ውስጥ ይገባል፣ በልደት ቀን ስትሰራ ከዋለች በተለይ።

አንዷን ምረጡና ለአንድ ወር እሷ ላይ ብቻ ስሩ። ስራ ከመጀመራችሁ በፊት በልባችሁ "ዛሬ ባለጉዳይ አላመላልስም" በሉ፣ ማታ ደሞ ሳትሸሹ ራሳችሁን ጠይቁ። የወሰዳችሁት ነገር ካለ መልሱ፣ እዛው ወንጌል ላይ ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ያደረገው ይሄንኑ ነው። መመለስ ይከብዳል፣ ያሳፍራል፣ እኔ ግን ከዚ የበለጠ የልደት ስብከት አላውቅም፣ ባለጉዳዩ ቤተክርስቲያን ገብቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን እንኳን ይሄ ይገባዋል።

7. የተጣላችሁትን አነጋግሩ

በዓል ቤተሰብን ይሰበስባል፣ ሲሰበሰብ ደሞ አሮጌ ቁስል ይነካል፣ ውርስ፣ ያልተመለሰ ብድር፣ ሠርግ ላይ ያልተጠራ ዘመድ። ማዕዱ ላይ ለሰላምታ ያህል ተሳስመው ውስጣቸው ግን እንደተዘጋ የተለያዩ ብዙ ናቸው። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ሂድና ከወንድምህ ታረቅ ብሏል (ማቴዎስ 5፥23-24)፣ ስለዚ በዓሉ ካለፈ በኋላ ያለው ጸጥታ ለዚ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ሰው የለም፣ ግርግር የለም።

በጽሑፍ ረጅም ክርክር አትጀምሩ፣ ሜሴጅ መገናኛ ብቻ ይሁን፦ "ወንድሜ ሰላም ነህ? በበዓሉ ተገናኝተን በደንብ ሳናወራ ተለያየን፣ ከብዶኛል። በኔ በኩል ያጠፋሁትን ልነግርህ እፈልጋለሁ፣ መቼ ይመችሃል?" ስትገናኙ የራሳችሁን ጥፋት ብቻ ተናገሩ፣ "እኔም ጥፋቴ አለ አንተ ግን" ብሎ መጀመር ዕርቅ አያመጣም። እምቢ ካለ አታስጨንቁት፣ ትልቅ ሰው ወይም የንስሐ አባት ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው መሀል ይግባ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሲደበድባችሁ ወይም ሲያጠቃችሁ የነበረ ሰው ከሆነ ይቅር ማለት ተመልሶ አብሮ መኖር ማለት አይደለም፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ መጀመሪያ ደህንነታችሁን አስጠብቁ።

8. ተራ ሰንበት ላይ ተገኙ

በልደት ቀን ቤተክርስቲያን ሞልቶ ደጅ ላይ የሚቆም አለ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንበሩ ባዶ ነው። ሁልጊዜ የምትሄዱ ከሆናችሁ በበዓሉ ያያችሁትን አዲስ ፊት አስታውሱ፣ ስልኩን የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቁና ደውሉ፣ "ለምን ጠፋህ?" ሳይሆን "በዚ ሰንበት አብረን እንሂድ፣ በር ላይ እጠብቅሃለሁ" በሉት። በሩ ላይ መጠበቁ ትልቁ ነገር ነው፣ ብቻውን የሚገባ ሰው የት እንደሚቀመጥ እንኳን አያውቅም።

እናንተ ራሳችሁ በበዓል ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ደሞ ማንም አይቁጠርባችሁ፣ ኑ። በዓል ያልሆነ ሰንበት ቀለል ይላል፣ ሰው ትንሽ ስለሆነ ካህኑን ወይም ፓስተሩን ማናገር ይቻላል። ለመጀመሪያው ወር አንድ ሰንበት ብቻ ያዙ፣ ቀኑን ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቡት፣ ማታውን ልብሳችሁን አዘጋጅታችሁ ተኙ።

ልጆች ካሏችሁ ይሄን ሁሉ አብረዋችሁ ያዩት። ስጦታውን የምትወስዱ ቀን አንዱን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከአሻንጉሊቱ መሀል የሚሰጠውን ራሱ ይምረጥ፣ አስገድዳችሁ የሚወደውን አትንጠቁት።

9. በ40ኛው ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩት

ሕፃኑ ወደ መቅደስ የተወሰደው የማርያም የመንጻት ወራት ሲፈጸም ነው፣ በሕጉ 40 ቀን። ልደትን ዲሴምበር 25 ያከበረ ሰው ቀኑን ራሱን ቆጥሮ ፌብሩዋሪ 2 ላይ ይደርሳል፣ ጃንዋሪ 7 ያከበረ ደሞ ፌብሩዋሪ 15። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ሪማይንደር ሙሉት። ቀኑ ሲደርስ የደረጃ 1ን ወረቀት አውጡና ጎን ለጎን እዩት፣ ንባቡ የት ደረሰ፣ ስንት ሳምንት ጸለያችሁ፣ ለመረጣችሁት ቤተሰብ የወሩ ደረሰ ወይ፣ ስራ ቦታ ያቺ አንዷ ነገር ተቀየረች ወይ፣ ለተጣላችሁት ሰው ተጻፈ ወይ፣ አክስት ተደወለላት ወይ።

የማይሰራውን አሳንሱት እንጂ አትሰርዙት። ጠዋት መጸለይ እምቢ ካለ ወደ ማታ አዙሩት፣ የወሰናችሁት ብር ከበዳችሁ ግማሽ አድርጉት፣ ብቻችሁን ማንበብ ካቃታችሁ አንድ ጓደኛ ፈልጉና በየሳምንቱ ያቺን አንድ መስመር ተላላኩ። ሙሉ በሙሉ ያቆማችሁት ነገር ካለም ሌላ በዓል አትጠብቁ፣ ያን ቀን ማታውን ጀምሩት፣ ሉቃስን ካላችሁበት ሳምንት ክፈቱ። አክስታችሁ ካልተደወለላት ደሞ ከሁሉም በፊት እሷን ደውሉላት።